ማለስለሻ ለሁሉም ቤት? ለድሬዳዋና ለሐረር አንባቢ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። የከተማችን ውኃ ኖራ ስለሚበዛው እያንዳንዱ ቤት የውኃ ማለስለሻ፣ ነጋዴው ሶፍትነር የሚለውን ዕቃ፣ ይግዛ ይላል። ውኃው የኩላሊት ጠጠር ያመጣል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ ቧንቧ ይደፍናል፣ የመብራት ሒሳብ እጥፍ ያደርጋል፤ ማለስለሻ ግን አጣርቶ ለሕፃን እንኳ የሚመች ያደርገዋል ነው ነገሩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለጉዞ የተሠራ የመኝታ መኪና ያለው ሰው ትንሿን ዓይነት መኪናው ላይ ይግጠም የሚል ምክር አለው።

ሥራዬ ቦይለርና የቡና ማሽን መጠገን ነው። ማለስለሻም እገጥማለሁ፤ ስለዚህ ዕቃውን የምጠላበት ምክንያት የለኝም። ብዕር ያስነሳኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት። ጽሑፉን አንብባ ለአራስ ልጇ ጤና ስትል የወጣላትን ዕቁብ ማለስለሻ ልትገዛበት ተዘጋጅታ አገኘኋት። ገንዘቡ የእሷ ነው፤ የፈለገችውን ብትገዛበት መብቷ ነው። ልጄን ይጠብቅልኛል ብላ የማይጠብቅ ነገር ስትገዛ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ላስቀድም። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ ይበዛዋል፤ ይህ አያከራክርም። ውኃችን የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ዝናቡ ከደንገጎ ተራሮች ወርዶ ጉድጓዶቻችን እስኪደርስ በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይዞ ይመጣል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚህ የተተከለው ያው የኖራ ድንጋይ በደጃችን ስላለ ነው። የእነዚህ ማዕድናት መጠን በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ካለፈ ውኃው በጣም ጠንካራ ከሚባለው ክፍል ይገባል። የእኛም እዚያው ነው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውኃ ደረጃ ጣሪያውን 300 ላይ አድርጎታል። ሐረርም አላመለጠችም፤ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ካሉት የሀሰሊሶ ጉድጓዶች ውኃ በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን ይወጣላታል።

ስለ ሳሙናም ያሉት እውነት ነው። ጠንካራ ውኃ ሳሙናው አረፋ ከማውጣቱ በፊት ይበላዋል፤ የልብስ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ የሚቀረው ግራጫ ዝቃጭ ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ የሠራው ነው። ማለስለሻ ይህን ያስቀራል። እዚህ ድረስ አንለያይም።

ስለ ኩላሊት ጠጠር

ሰውን ይበልጥ ያስደነገጠው ይህ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጠጠር የሠራ ውኃ ኩላሊት ውስጥስ ለምን አይሠራም የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ያሳምናል። ነገር ግን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ውኃው ስለሚፈላ ነው። ሙቀቱ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ባይካርቦኔት ይሰብረዋል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይረጋል። በሰው ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙቀት የለም። የኩላሊት ጠጠር ደግሞ በአብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፤ ኦክሳሌቱ የሚመጣው ከምግብና ከራሱ ከሰውነታችን ነው። እንዲያውም በምግብና በውኃ የሚገባ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና አብሮት በሰገራ ይወጣል፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለውኃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም።

የእኛ አገር ኩላሊት ጠላቱ ሌላ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙሉ ቀን ባጃጅ ሲነዳ ውሎ ማታ ሽንቱ እንደ ሻይ የጠቆረበት ልጅ በቂ ውኃ አልጠጣም ማለት ነው። ጠጠር የሚረጋው እንዲህ በወፈረ ሽንት ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህን ልጅ የቧንቧው ውኃ ጠጠር ያመጣብሃል ብለን ካስፈራራነው ምን ያደርጋል? የሚጠጣውን ይቀንሳል። ጽሑፉ ሊያድነው ያሰበውን ሰው ወደ በሽታው እየገፋው ነው፤ ጸሐፊው ይህን አንቀጽ እንዲያነሱት ከልቤ እለምናቸዋለሁ። ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ ቧንቧ ሠራተኛ አይጠይቅ።

ስለ ፀጉርና ቆዳ

ባጭሩ ልለፈው። ጠንካራ ውኃ ፀጉርን ያደርቃል፣ ሳሙናው በደንብ ስለማይለቅ ፀጉሩ ሻካራ ይሆናል። ከሥሩ ያረግፋል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። ቆዳን በተመለከተ እንግሊዝ አገር ኤክዚማ ባለባቸው 336 ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ቤታቸው ማለስለሻ የተገጠመላቸው ልጆች ካልተገጠመላቸው የተለየ መሻሻል አላሳዩም።

ያጣራል ወይ?

አያጣራም። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብቆይ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ምክንያቱም የዕቁቡ ብር የሚሄደው ለዚህ ቃል ነው።

ማለስለሻው ጋን ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። እንክብሎቹ ላይ ሶዲየም ተጣብቋል። ጠንካራው ውኃ ሲያልፍባቸው ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ይይዛሉ፤ በምትኩ ሶዲየማቸውን ለውኃው ይለቃሉ። ሶዲየማቸው ሲያልቅ በጨው ውኃ ይታጠባሉ፣ እንደገና ይሞላሉ። ሥራው ይኸው ነው። ውኃው ከጋኑ ሲወጣ በውስጡ የሟሟው ነገር መጠን ከመግባቱ በፊት ከነበረው ብዙም አልተለየም፤ ዓይነቱ ነው የተቀየረው። ጀርም አይገድልም። ይባስ ብሎ በድሬዳዋ ሙቀት ለቀናት ሳይንቀሳቀስ የቆመ የሬዚን ጋን ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል።

አሁን ስለ ሕፃኑ። በድሬዳዋ ከተማ ሥር ባለው ውኃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያነሱት አሳሳቢ ነገር ከኖራው ይልቅ ናይትሬት ነው። የሚመጣውም ባብዛኛው ከሽንት ቤት ጉድጓዶቻችን ነው፤ በተለይ ጥልቀት የሌላቸው የግቢ ጉድጓዶች ውስጥ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህ ጣሪያ የተቀመጠው በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት ሲባል ነው። ናይትሬት ሲበዛ የሕፃኑ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ማለስለሻው ደግሞ የሚይዘው ካልሲየምን የመሰሉ ፖዘቲቭ ሙል ያላቸውን ነገሮች ነው፤ ናይትሬት ኔጌቲቭ ነው፤ በመካከሉ ያልፋል። ማፍላትም አያስወጣውም፤ ውኃው ሲተን ናይትሬቱ ይቀራል፣ ይወፍራል። ናይትሬትን የሚያስቀረው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው መሣሪያ ወይም ለዚሁ የተሠራ ሌላ ሬዚን ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አይጠቅማትም ብዬ ባለፍኩ። ግን ጉዳትም አለው። ከሊትር ውኃ ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ጥንካሬ በወጣ ቁጥር 46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይገባል። የቤታችንን ውኃ ለምሳሌ 400 ብንይዘው ከማለስለሻው የሚወጣው በሊትር ተጨማሪ 184 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይዟል። በዚህ ሙቀት አንድ ሰው 3 ሊትር ይጠጣል፤ ስለዚህ ከውኃ ብቻ 552 ሚሊ ግራም ወሰደ ማለት ነው። ለአዋቂ በቀን የሚመከረው ጣሪያ 2,000 ሚሊ ግራም ነው። ወጡ፣ በርበሬው፣ ሽሮው ጨዋቸውን ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ከሩብ በላዩ አለቀ። የደም ግፊት ላለባቸው እናትና አባቶቻችን፣ የዱቄት ወተት ለሚበጠበጥለት ሕፃን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የተወሰደውም ነገር ዋጋ ነበረው። ያ 400 ጥንካሬ አብዛኛው ካልሲየም ከሆነ 3 ሊትር ውኃ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ይሰጣል፤ አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ወደ 1,000 ነው። የዐቢይ ጾምን ለሚጾም ቤት፣ ወተትና እርጎ ለሁለት ወር ገደማ በማይገባበት ቤት፣ የቧንቧው ውኃ ከዋነኞቹ የካልሲየም ምንጮች አንዱ ነው። ይህንን ከፍለን አስወጥተን ጨው እናስገባ መባሉ ያሳዝነኛል።

ለደንበኛዬ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ጡት እያጠባች ነው፤ ስድስት ወር እስኪሞላው ልጁ ውኃም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ የሚያሳስባት ውኃው ንጹሕ መሆኑ ከሆነ ሮቶውን በየጊዜው አሳጥባ፣ የምትጠጣው ውኃ ላይ «ውኃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ ጨምራ ወይም ውኃውን አፍልታ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን ታስቀምጥ። የግቢ ጉድጓድ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ናይትሬቱን ላቦራቶሪ ታስመርምር። ይህ ሁሉ ተደምሮ የዕቁቡን ጥግ አይነካም።

ስለ መብራት ሒሳብና ስለ ቧንቧ

በቅርቡ ገንደ ቆሬ አንድ ቦይለር ከፈትኩ። ብሎኖቹን ፈትቼ ውኃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ ሬዚስታንሱን፣ ስስበው አልመጣም አለ፤ ዙሪያውን የያዘው ኖራ ወፍሮ ከገባበት ቀዳዳ በልጧል። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ እያልኩ ስመታው ቅርፊቱ በቁርጥራጭ ወደቀ፣ ታች ደግሞ በኩባያ የሚዛቅ ነጭ ፍርስራሽ ተከማችቶ ነበር። ሬዚስታንሱን አቼቶ ውስጥ ስነክረው ወዲያው መንቀልቀልና አረፋ መድፈቅ ጀመረ፤ ካርቦኔት አሲድ ሲያገኝ እንዲህ ነው። የቤቱ ባለቤት አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

«እና ልጄ፣ ያ ማለስለሻ የሚሉትን ልግዛው?»

«እማማ፣ ቦይለሩን በዓመት ስንት ወር ነው የሚያበሩት?»

«ከኅዳር እስከ ጥር ካልሆነ ማን ያበራዋል! ሮቶው ራሱ እያፈላው።»

መልሱን ራሳቸው ሰጡኝ። ኖራ የሚረጋው ውኃ ሲሞቅ ነው፤ የማለስለሻ ዋና ጥቅሙም የሚሞቅ ውኃ ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ውኃ በፀሐዩ ብቻ ገላ ለመታጠብ በቂ ሆኖ፣ አንዳንዴም ከበቂ በላይ ሆኖ፣ ይወርዳል። ቦይለሩ ብዙውን ዓመት ጠፍቶ ይከርማል። ሐረር ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማታና ጠዋት ይበርዳል፤ እዚያ ቦይለር በየቀኑ ይበራል። ውኃው ያው ሆኖ ሳለ ውሳኔው ሊለይ የሚችለው በዚህ ነው። ጽሑፉ ግን ሁለቱን ከተሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሏቸዋል።

የመብራት ሒሳቡ እጥፍ ይሆናል የሚለው ስሌቱ አይቆምም። ሬዚስታንሱ ውኃው ውስጥ የተነከረ ነው፤ የበላው ኤሌክትሪክ ሙቀት ሆኖ ዞሮ ዞሮ ውኃው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሌላ መውጫ የለውም። ኖራ ሲሸፍነው ሙቀቱ ቶሎ ስለማይወጣለት ራሱ ሬዚስታንሱ ከመጠን በላይ ይግልና ይቃጠላል። ኪሳራው የሬዚስታንስ ዋጋና የጠጋኝ ነው። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እዚያ ውኃው ያልተቀበለው ሙቀት ከጭሱ ጋር ይወጣል።

እኚያ እናት ቦይለር ቴርሞስታቱ እስከ መጨረሻው ተዙሮ ነበር። 60 ዲግሪ ላይ መለስኩት። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ኖራው ይበዛል፤ ከ55 በታች ማውረድ ደግሞ ለባክቴሪያ ስለሚመች አልመክርም። ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀውን፣ የተበላውን የማግኒዥየም ዘንግ ቀየርኩላቸው። በዓመት አንዴ ከክረምቱ በኋላ፣ ቦይለሩ ሳይበራ፣ አስከፍቶ በአቼቶ ማጠብ ነው የሚቀራቸው። ቦይለሩ ሲበራ ጠጠር እንደሚንከባለልበት ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ደግሞ ዓመቱን አይጠብቁ።

ቧንቧ ይደፍናል ስለሚለው፤ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቧንቧ ኖራ ደፍኖት አላየሁም። የደፈነው ሆኖ የሚገኘው አሸዋ፣ የብረት ቧንቧ ዝገትና ከሮቶ ሥር የተነሣ ጭቃ ነው። ኖራው የሚይዘው ውኃ እየተንጠባጠበ የሚደርቅበትን ቦታ፣ የሻወር ወንፊትንና የቧንቧ አፍን ነው። ወንፊቱን ፈትቶ ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ማሳደር ይበቃል።

ለሻይና ለቡና ውኃውን ማለስለስ ለሚፈልግ ሰውም ማንቆርቆሪያው ራሱ ማለስለሻ ነው። በደንብ አፍልቶ ማቆየት፣ ነጩ ሲሰፍር ከላይ ቀስ አድርጎ መቅዳት። አብዛኛው ኖራ ከታች ይቀራል፣ ሶዲየምም አልገባበትም። ሻዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቆዳ መሰል ነገርም ይቀንሳል።

ጽሑፉ ያልነካው ግፊት

አስመጪው በሥዕል የሚያሳየው ቤት ሃያ አራት ሰዓት ውኃ የሚመጣበት ቤት ነው። እኛ ዘንድ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፣ ከሮቶ ወደ ቤት በራሱ ክብደት ይወርዳል። አውቶማቲክ ማለስለሻ ጨዉን ከጨው ጋኑ የሚስበው በውኃው ግፊት ነው፤ ብዙዎቹ ቢያንስ ከ1.5 እስከ 2 ባር ይጠይቃሉ። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ነው። ሮቶው ከማለስለሻው 4 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚገኘው 0.4 ባር ነው። በዚህ ግፊት ዕቃው ጨዉን አይስብም፤ ሬዚኑ አይታደስም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ ሳያውቀው ጠንካራው ውኃ እንዳለ እያለፈ ይሄዳል። ውኃ የሚገፋ ዲናሞ መግጠም ይቻላል፤ ያኔ ግን የዲናሞውም ዋጋ ይደመራል፣ መብራት ሲጠፋም ይቆማል።

ከሮቶው በፊት፣ በቀጥታ መስመሩ ላይ ይገጠም ቢባልስ? ግፊቱ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች ከፋብሪካ ሲመጡ ራሳቸውን የሚያጥቡት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዲሆን ተደርገው ነው፤ ሰው ተኝቷል ውኃ አይፈለግም ተብሎ። ብዙ ሰፈር ውኃው የሚመጣው ደግሞ በዚያው ሌሊት ነው! በሚታጠብበት ጊዜ ውኃውን ሳያለሰልስ ያሳልፈዋል፤ ሮቶው በጠንካራ ውኃ ይሞላል። ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ የሚጠፋባቸው ግን ጥቂት አይደሉም።

ታዲያ ማን ይግዛ

ካፌ ይግዛ። የማኪያቶ ማሽን ቦይለር ውኃውን ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፣ ቀዳዳዎቹም ጠባብ ናቸው፤ ያለ ማለስለሻ ድሬዳዋ ላይ ማሽን ማስነሳት ማሽኑን መግደል ነው። ብዙ ካፌ ባንኮኒ ሥር የምታገኟት የማትዝግ ሲሊንደር እሷ ናት። የሚያሳዝነው ከታጠበች ስንት ጊዜ ሆናት ስል የሚመልስልኝ አላገኝም። 8 ሊትሯ ሲሊንደር በ400 ጥንካሬ ከ800 እስከ 900 ሊትር ካሳለፈች በኋላ ሬዚኗ አልቋል። በቀን 80 ሊትር የሚጠቀም ካፌ በየ10 ቀኑ በ1 ኪሎ ጨው ሊያድሳት ይገባል፤ ከዚያም የሚወጣው ውኃ የጨው ጣዕሙ እስኪጠፋ ማፍሰስ ነው። የልብስ ማጠቢያ ቤትና ሙቅ ውኃ ለብዙ ክፍል የሚያቀርብ ሆቴልም ቢገዙ አልቃወምም፤ የሐረር ትልልቅ ቤቶችም አስበው ሊገዙ ይችላሉ። የሚገዛ ቤት ግን ወጥ ቤት ያለውን አንዱን ቧንቧ ሳይለሰልስ ያስቀረው፤ መጠጡና ምግቡ ከዚያ ይሁን።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል፤ የለሰለሰ ውኃ ንጹሕ ውኃ መስሏቸው የመኪና ባትሪ ላይ የሚጨምሩ አሉ። ጨው ነው የያዘው፤ ባትሪ የሚፈልገው ዲስቲልድ ነው።

ስለ መኝታ መኪናው

ሃይሩፍ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ አሠርቶ፣ አልጋ፣ ምድጃና የ100 ሊትር ገንዳ ገጥሞ ወደ ባቢሌና ጅግጅጋ፣ ወይም ወደ አዋሽ ፓርክ የሚወጣ ሰው አሁን አሁን መታየት ጀምሯል። ጽሑፉ ለእነዚህ ሰዎች የሰጠውን ምክር በቁጥር እንየው።

100 ሊትር በ400 ጥንካሬ ማለት ገንዳው ሙሉ 40 ግራም ኖራ ነው። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ውኃ ለእጅ፣ ለሳህንና ለገላ በቀዝቃዛው ይሄዳል። 15 ሊትር ቢሞቅ እዚያ ውስጥ ያለው 6 ግራም ነው፤ እሱም ሁሉ አይረጋም። ለዚህ ስንል በእርጥብ ሬዚን የተሞላች ከ10 ኪሎ የማታንስ ሲሊንደር እንሸከም? መሸከሙስ ይሁን፤ ስትታደስ ከ40 ሊትር ያላነሰ ውኃ ይፈስባታል። ገንዳው 100 ሊትር በሆነ መኪና፣ ባቢሌ መንገድ ላይ፣ ይህን ውኃ ከየት አምጥተን ነው የምናፈሰው? ደግሞ መኪናው ውኃ የሚቀዳው ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ደርሶ ከለገዳዲ የሚመጣውን የግድብ ውኃ ቢሞላ ማለስለሻው የሚሠራው የለም፤ ያ ውኃ በራሱ ለስላሳ ነው።

መኪና ውስጥ ኖራ የሚጎዳው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፣ እሱም ጋዝ የሚበላው ቶሎ አሙቂ ሻወር፤ ውስጡ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው። ነበልባሉን ዝቅ አድርጎ በቀጥታ በሚፈለገው ሙቀት መጠቀም ነው፣ አግሎ በቀዝቃዛ ከመበረዝ። ከረጅም ጉዞ ሲመለሱ ሲትሪክ አሲድ በውኃ በጥብጦ በቱቦው ውስጥ ማዞር ይበቃዋል። ያንን ገንዘብ ገንዳው አፍ ላይ ለሚገጠም የአሸዋና የጭቃ ማጣሪያ ያውሉት። ገንዳውንም ለሳምንታት ከቆመ በኋላ በክሎሪን ያጥቡት፤ መንገደኛን የሚያሳምመው የቆመ ውኃ ነው። የሚጠጣው ለብቻው በጀሪካን ይያዝ። መኪናውን አንድ ቦታ አቁሞ ወራት የሚኖርበት፣ በየቀኑም በሙቅ የሚታጠብ ሰው ካለ ነገሩ ይለያል፤ እሱ ግን መኪናው ላይ ሳይሆን ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ ላይ ሲሊንደሯን ይግጠም፣ ማጠቢያ ውኃም እዚያው ያገኛል።

ጨዉስ የት ይሄዳል?

ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር የለም። 25 ሊትር ሬዚን ያለው የቤት ማለስለሻ በቀን 400 ሊትር ለሚጠቀም ቤተሰብ በሳምንት አንዴ ገደማ ይታደሳል፤ በአንድ ጊዜ ወደ 3 ኪሎ ጨውና ከ150 ሊትር በላይ ውኃ ይወስዳል። በዓመት ከ150 ኪሎ በላይ ጨው ነው፣ ከአፍዴራ የመጣ ምርጥ የምግብ ጨው። በፈረቃ ከተገኘ ውኃ ላይ 150 ሊትር ማፍሰሱን እንኳ እንተወው። ያ ብሬን የሚባል የጨው ውኃ ደግሞ፣ የፍሳሽ መስመር በሌለበት ግቢ፣ የሚሄደው ወይ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወይ ወደ አፈር ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ጨው አፈሩ አያስቀረውም፤ ናይትሬቱ በሄደበት መንገድ ሄዶ ያው የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ይገባል። አንድ ቤት ቢያደርገው አይታወቅም። ጸሐፊው ግን የጻፉት ለሁሉም ቤት ነው።

ግቢ ውስጥ የሚፈስ ከሆነ ማንጎውንና ፓፓያውን ያደርቃል፤ ሎሚና ብርቱካን ደግሞ ከነሱም ይብሳሉ። የለሰለሰው ውኃ ራሱም ለተክል አይሆንም። ድሬዳዋ ላይ የልብስ እጣቢ ሳይቀር ለኒሙ ሥር ነው የሚደፋው፤ ሶዲየሙ እየተከማቸ ሲሄድ አፈሩ ይጠብቃል፣ ውኃ አያሰርግም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ለጸሐፊው አለኝ። ጽሑፉን አሻሽለው ዳግም ቢያወጡ፣ ለእያንዳንዱ ቤት የመከሩት በዓመት 150 ኪሎ ጨው በዚህች ከተማ የት እንዲደፋ እንደሚሉ ይጻፉልን። የኩላሊት ጠጠሩን አንቀጽ ግን እስከዚያ ሳይጠብቁ ያንሱት፤ ሙቀቱ እየመጣ ነው፣ ሰው ውኃ መጠጣት አለበት።